የአራቱ ካንዴላዎች ዘመቻና የነጩ ሻሽ ዜና

እነሆ፣ በዘመነ ግፊት በሦስተኛው ዓመት፣ ይኸውም ያቺ ሰማያዊ መኪና በቁልፍ መነሣትን እርግፍ አድርጋ ትታ በሰው ትከሻ መነሣትን ከለመደች ወዲህ፣ የግቢው ቧንቧ ከተጠገነ በኋላና ዳግመኛ ከመፈንዳቱ በፊት፣ በዕለተ ቅዳሜ፣ ፀሐይ አጥሩን ተሻግራ የሞተሩን ክዳን ባሞቀችበት ሰዓት፣ ጎረቤታችን፣ በሰፈሩ ሁሉ «ጠጋኙ» ተብለው የሚጠሩት፣ መዋዔ ዝገት፣ ፈታሔ ብሎን፣ ጠጋኔ ባልዲ፣ የራሳቸውን የበር ደወል ጠግነው የጎረቤትን ያስጮኹ፣ በመንበራቸው ማለትም በተገለበጠ የቀለም ጣሳ ላይ ተቀምጠው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ የመኪናዪቱን ካንዴላ በገዛ እጃቸው፣ በገዛ ግቢያቸው፣ መካኒክ የሚባል ሰው ሳያዩ ሊለውጡ ተነሡ።

ካንዴላ ማለት በሞተሩ ራስ ላይ በረድፍ ተተክሎ ነዳጁን በብልጭታ የሚለኩስ፣ ጣት የሚያህል ዕቃ ነው። ይህን ማብራራቴ አንባቢን ንቄ ሳይሆን፣ እኔም እስከዚያ ቀን ድረስ ስሙን እንጂ መልኩን ስለማላውቅ ነው። ይህን ዜና የምጽፍ እኔ ከመንገዱ ማዶ ቁልፍ የምቀርጽ ጎረቤት ነኝ፤ ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል ፈቀቅ አላለም፤ የግዕዙን ቃል ጣል የማደርገውም ጽሑፉ ክብር እንዲያገኝ እንጂ ቋንቋውን ችዬው አይደለም። ስሕተት ቢገኝበት አትፍረዱብኝ፤ የምቀርጸው ቁልፍም አንዳንዴ በሩን አይከፍትም።

የዘመቻውም ምክንያት እንዲህ ነው። በዋዜማው የጠጋኙ አማት፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው፣ የቀኝ ዓይናቸውን የጋረደውን ሞራ ሊያስገፍፉ በዚያች መኪና ወደ ዓይን ክሊኒክ ሲጓዙ፣ መኪናዪቱ በትራፊክ መብራቱ ሥር፣ ልክ አረንጓዴው ሲበራ፣ ግግም ብላ ቆመች። ከኋላ የሚጮኸው ጥሩንባ በበዛ ጊዜም ጠጋኙ መሪውን ይዘው ቀሩ፤ እመቤቲቱ ሚስታቸው ወርደው ትከሻቸውን ሰጡ፤ እማማም የክት ጫማቸውን እንደተጫሙ፣ በአንድ ዓይን እያዩ፣ እስከ ክሊኒኩ በር ድረስ ገፉ። እዚያም ደርሰው ትንፋሻቸውን ከሰበሰቡ በኋላ፣ በረኛውና ተራ ጠባቂው ሁሉ እየሰማ፣ ይህን አዋጅ አወጁ፦

«ነገ በዘጠኝ ሰዓት ፋሻው ይፈታልሻል ብለውኛል። ዓይኔ ሲከፈት መጀመሪያ የማየው የዚህችን መኪና ኋላ ከሆነ፣ መልሱና ሸፍኑኝ። አንቺ ልጄ፣ ለባልሽ ንገሪው፤ ነገ በራሷ ካልተነሣች እኔን በታክሲ ውሰዱኝ፣ እሷን ለብረት ገዢ ስጡልኝ።»

እመቤቲቱም ይህን ቃል በማታው አጸኑት፤ የብረት ገዢውንም ስልክ ከማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፉት። ጠጋኙ ግን እራት አልበላ አላቸው። ያቺ መኪና እመቤቲቱን ከእናታቸው ደጅ ይዘው የወጡባት መኪና ናትና፤ ያን ቀን እማማ በር ላይ ቆመው ሲያለቅሱ፣ በአንድ ቁልፍ፣ ያለ ማንም ግፊት ተነሥታ ነበርና። እንግዲህ ለብረት ገዢ ብትሄድ ከእሷ ጋር የሚሄደው ብረት ብቻ እንዳልሆነ እርሳቸው ያውቁ ነበር፤ ነገር ግን ይህን ለማንም አልተናገሩም፤ ለእኔም የነገሩኝ ሦስት ጊዜ ያህል ብቻ ነው።

ወእምዝ፣ በነጋታው የተከተሏቸው ሠራዊት ስማቸው በየሙያቸው እንዲህ ይቆጠራል፦ ፀጉር አስተካካዩ፣ ከሁላችን ታናሽ፣ ማበጠሪያውን ከደረት ኪሱ የማያወጣ፤ ልብስ ሰፊው፣ መርፌ በኮቱ ክፈፍ ሰክቶ የሚዞር፣ ስለ ሞተር የሚያውቀው የሲንጀር ስፌት መኪናውን ያህል የሆነ፤ ጡረተኛው ፖስተኛ፣ የሰፈሩ ታላቅ፣ እግራቸው ያልረገጠው ደጃፍ፣ ያልነከሳቸው ውሻ የሌለ፤ አራተኛውም እኔ፣ ቁልፍ ቀራጭ ስለሆንሁ «መቼም ብረት ያውቃል» ተብዬ የተጠራሁና «አላውቅም» ለማለት ይሉኝታ የያዘኝ። ከእነዚህ በቀር በአጥሩ ላይ አንዲት ድመት ነበረች፤ እርሷም እስከ ተኩሱ ድረስ አልሸሸችም።

መኪናዪቱ አፍንጫዋን ወደ ግቢው በር አድርጋ ቆማለች። በግራዋ በኩል፣ አንድ ሰው ተጨንቆ የሚቆምበት ቦታ ብቻ ትቶ፣ የልብስ ማስጫ ገመድ ተዘርግቷል። በዚያም ላይ እመቤቲቱ ለእናታቸው መመለሻ ብለው ማለዳ ያጠቧቸው ነጫጭ ልብሶች ተሰጥተዋል፦ ከበሩ በኩል አንሶላ፣ ቀጥሎ የትራስ ልብስ፣ ቀጥሎ ፎጣ፣ በመጨረሻም እማማ ከክሊኒክ ስወጣ አስራታለሁ ብለው ያዘዟት ነጭ ሻሽ። እኛም አራታችን በሞተሩ ጎን፣ ጀርባችንን ለልብሱ ሰጥተን፣ ትከሻ ለትከሻ ተደረደርን።

ጠጋኙ ኮፈኑን ከፍተው በእንጨት ካስደገፉ በኋላ፣ ገና የመጀመሪያውን የካንዴላ ገመድ ሲነኩ፣ ከላይ ከወጥ ቤቱ መስኮት የእመቤቲቱ አዋጅ ወረደ፦

«አንተ ሰውዬ፣ አንዱን ፍታ፣ አንዱን ተካ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው እለፍ። ሁሉንም ባንዴ አውልቀህ ኋላ የቱ የማን ነው እንዳትል።»

ምክሩ መልካም ነበረ፤ ነገር ግን ከመስኮት የመጣ ምክር በሠራዊት ፊት አይወሰድም። ስለዚህ ጠጋኙ አራቱንም ጥቁር ገመዶች በአንድ ጊዜ ነቀሉ። ገመዶቹ ከሞተሩ ጎን ካለ ክብ ክዳን ወጥተው ወደየካንዴላቸው የሚሄዱ፣ በቁመትም በመልክም እንደ አራት መንትዮች አንድ ዓይነት ነበሩ። ጠጋኙ ግን በጥበባቸው ይህን አስቀድመው ስላዩ፣ ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ገመድ አስያዙንና እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«እያንዳንድህ በቆምክበት ፊት ለፊት ያለው ካንዴላ ያንተ ነው። ገመድህ ላይ ምልክት እሰር። ከቦታው የሚነቃነቅ የለም።»

እኛም ምልክታችንን አሰርን፤ ፀጉር አስተካካዩ የፀጉር መቆንጠጫ፣ ልብስ ሰፊው ቀይ ክር፣ ፖስተኛው ደብዳቤ ያስሩበት የነበረ ላስቲክ፣ እኔም ደንበኛ የመለሰብኝን ቁልፍ። አንድ ግዛት የተሰጠው መስፍን ያን ያህል አይኮራም፤ ፖስተኛውማ ላስቲካቸውን ካሰሩ በኋላ ገመዱን ደባበሱት።

ወበጊዜሃ ጠጋኙ ረጅሙን መፍቻ ወደ ጉድጓዱ ሰድደው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ሲከብድ በሁለት እጅ፣ ሲላላ በሁለት ጣት እየፈቱ፣ አሮጌዎቹን ካንዴላዎች አንድ በአንድ አወጡ። የወጣውንም ሁሉ ለባለቤቱ ለምርመራ አቀበሉ። የእኔው በጥላሸትና በዘይት ተለቅልቆ ከሰል መስሏል። እያገላበጥሁ አየሁትና ነገሩ ገብቶኝ እንደሆነ ሰው፣ «እንደጠረጠርሁት ነው» አልሁ፤ ምን እንደጠረጠርሁ ማንም አልጠየቀኝም፣ እግዜር ይስጣቸው። ልብስ ሰፊው አሽትቶ ነዳጅ ጠጥቷል አለ። ፖስተኛው በእርሳቸው ዘመን እንዲህ ያለ ካንዴላ እንዳልነበረ ተናገሩ፤ ቀጥለውም በእርሳቸው ዘመን የሚሄዱት በብስክሌት እንደነበር አመኑ። ፀጉር አስተካካዩ የእርሱ ከሁሉ ይሻላል ብሎ ተኮፈሰ። በዚህም ምርመራ ምክንያት የሁላችን እጅ ጥቁር ሆነ፤ ያንን እጅ ምን እንዳደረግነው ታሪክ በኋላ ይገልጠዋል።

አዲሶቹም ካንዴላዎች ወደየጉድጓዳቸው ገብተው ከጠበቁ በኋላ፣ ገመዱን መሰካት ብቻ ሲቀር፣ እመቤቲቱ ትሪ ይዘው በረንዳው ላይ ወጡና ሻይ መቅረቡን አስታወቁ። «የሚነቃነቅ የለም» ያለው አዋጅ ገና ትኩስ ነበረ፤ ሻዩ ግን ይበልጥ ትኩስ ነበረ። ከሁላችን ቀድመው የተነቃነቁትም ጠጋኙ ራሳቸው ናቸው።

ከሻይ በተመለስን ጊዜ የሆነው እንዲህ ነው፤ ይህንንም ለመጻፍ እጄ ያፍራል። ከእኛ መካከል ክፉ ሰው ቢኖር፣ ገፍቶ ገብቶ ቦታውን ቢይዝ፣ ሁሉም በደኅና ያልቅ ነበር። ነገር ግን ሁላችንም ጨዋ ነን። ወደ ሞተሩ ስንቀርብ ፀጉር አስተካካዩ ፖስተኛውን አየና ታላቅ ከኋላ ቆሞ ታናሽ ከፊት አይቆምም ብሎ ሸሸ። ፖስተኛው አይሆንም አሉ፤ እኛ በሞቴ አልን፤ እርሳቸው ልጆቼ ተዉኝ አሉ፤ እኛ እጃቸውን ይዘን ወደ በሩ በኩል፣ ከፊት መብራቱ አጠገብ አቆምናቸው። ከእርሳቸው ቀጥሎ ልብስ ሰፊው እኔን በዕድሜ አስቀደመኝ፤ እኔም ለወጉ ያህል ከተግደረደርሁ በኋላ ቆምሁ። ከእኔ ቀጥሎ እርሱ ቆመ፤ ፀጉር አስተካካዩ በትሕትና መጨረሻ ላይ ተለጠፈ። እንዲህ ባለ መከባበር እንደ ሠርግ ቤት ተደራጀን፤ ጠጋኙም በየፊታችን ባለው ካንዴላ ላይ የየራሳችንን ገመድ ሰኩ።

ከዚያም መሪው ኋላ ገብተው ቁልፉን አዞሩ። መኪናዪቱ ሳለች፤ ተንቀጠቀጠች፤ ከዚያ በጭስ ማውጫዋ በኩል አንድ ጊዜ እንደ መድፍ ተኮሰች። ድመቲቱ ከአጥሩ ጠፋች። ልብስ ሰፊው ከኮፈኑ ሥር የወጣው በአራት እግሩ ነው፤ እኔ ግን አልሸሸሁም፤ ከፖስተኛው ኋላ መቆሜ እርሳቸውን ለመደገፍ ነበረ።

ወእምዝ ታላቅ ክርክር ሆነ። ገመዶቹ ቦታ መለዋወጣቸውን ጠጋኙ ገመቱ፤ ጥንቱን ማን የት ቆሞ ነበር ብለው ሲጠይቁ ግን አራታችንም ከፊት፣ ከመብራቱ አጠገብ ነበርን። ፖስተኛው በሕይወታቸው ከፊት ሌላ ቦታ ቆመው አያውቁም። ፀጉር አስተካካዩ በሩን እያየ የሚያልፈውን ሲቆጥር እንደነበር ማለ። እኔ ትዝ የሚለኝ መጨረሻ ላይ የንፋስ መከላከያ መስተዋቱ ክርኔን ሲነካኝ ነበረ፤ ሁሉም ከፊት ሲል እኔ ብቻ ከኋላ ማለት ግን ደስ አላለኝም። ጠጋኙ እየለዋወጡ ሞከሩ፤ መኪናዪቱም አንዴ ስታስል፣ አንዴ ስትተኩስ፣ አንዴም ጨርሳ ዝም ስትል ቆየች። ስምንት ሰዓት አለፈ። ጠጋኙ ወደ ቀለም ጣሳቸው ተመልሰው ተቀመጡ፤ መፍቻው ከእጃቸው ወደቀ፤ አላነሡትም። የቀረው እመቤቲቱ የብረት ገዢውን ስልክ ከማቀዝቀዣው በር ነቅለው መውረዳቸው ብቻ ነበረ።

እመቤቲቱም ወረዱ፤ አወራረዳቸው ግን ልብስ ሊሰበስቡ ነበረ። ወሶበ ርእየት፣ ማለት ባዩ ጊዜ፣ ቆሙ። አንሶላው ላይ ከላይ ወደ ታች ሁለት ጥቁር መስመር ወርዷል። የትራስ ልብሱ ከላይ ንጹሕ ነው፤ ነፋስ ገለበጥ ሲያደርገው ግን ውስጥ ውስጡን፣ ስፌቱን ተከትሎ ተጠርጎበታል። ፎጣው በቀኝ የላይኛው ጥግ አንድ ክብ የአውራ ጣት ምልክት አለበት። ሻሿ ላይ ደግሞ፣ ያቺ ነጭ ሻሽ ላይ፣ ሁለት ሙሉ መዳፍ፣ ጣቶቹ አንድም ሳይጎድሉ አርፈዋል። እመቤቲቱ እጃቸውን ወደ ልብስ መቆንጠጫው ሰደዱ።

እንግዲህ ጀግና የሚታወቀው በዚህ ጊዜ ነው። ጠጋኙ ከጣሳው ዘለው ተነሡ፤ በሚስታቸውና በልብሱ መካከል ገብተው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ በትዳራቸው ዘመን ሁሉ ያላደረጉትን አደረጉ፤ ከለከሏቸው፦

«እንዳትነኪው! አንቺ እንዳሰጣሽው ነው ያለው፤ እነሱም ከኋላቸው ባገኙት ነው የጠረጉት። ማን የት እንደቆመ ልብሱ ላይ አለ።»

እመቤቲቱ ባላቸውን አዩ፤ ልብሱን አዩ፤ አራታችንንም አዩ፤ እኛ መሬቱን አየን። መኪና ማስነሣት አንድ ነገር ነው፣ የሰው አንሶላ ላይ እጅ መጥረግን ማመን ሌላ ነገር ነው። እርሳቸውም ሰዓታቸውን አዩና የምሕረት አዋጅ አወጁ፦

«ማንንም አልቀጣም። እያንዳንድህ የጠረግህበት ልብስ ፊት ቁም። መኪናዋ ከተነሣች ነገሩ ቀርቷል። ካልተነሣች ግን አራታችሁም ሳሙና ይዛችሁ ትመጣላችሁ።»

በመጀመሪያ ፀጉር አስተካካዩ ወደ አንሶላው ሄደ፤ ምላጭ እንደሚስል ሰው ሁለቴ ወደ ታች ጠርጓልና መካድ አይችልም ነበር። ልብስ ሰፊው ወደ ትራስ ልብሱ ሄደ፤ በዓለም ላይ ስፌት ገልብጦ በውስጥ የሚጠርግ ሌላ ሰው የለም። ፖስተኛው አንገታቸውን ደፍተው ወደ ፎጣው ሄዱ፤ ቴምብር በሚለጠፍበት ጥግ ላይ የመታው አውራ ጣት የእርሳቸው ነበረ፤ ዕድሜ ልካቸውን የለመዱት ነውና። እኔ ግን እጆቼን ኪሴ ከትቼ፣ ስለ አየሩ ሁኔታ እያሰብሁ ቆምሁ። ከአራት ሦስት ሲቀነስ የቀረው ማን እንደሆነ ለማወቅ ስምንተኛ ክፍል መድረስ አያስፈልግም። ሁሉም ዞረው አዩኝ። የዚህ ዜና ጸሐፊ እንዲህ ባለ ሁኔታ በቀላል ሒሳብ ተማርኮ ከእማማ ሻሽ ፊት ቆመ።

የፀጉር መቆንጠጫው ከበሩ በኩል መጀመሪያ፣ ቀይ ክሩ ሁለተኛ፣ ላስቲኩ ሦስተኛ፣ የማይከፍተው ቁልፌ መጨረሻ ሆኖ ገመዶቹ ተሰኩ። ጠጋኙ ቁልፉን ከማዞራቸው በፊት ለአፍታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። መኪናዪቱም አንድ ጊዜ ጉሮሮዋን ጠርጋ ተነሣች፤ እንደ ስፌት መኪና ያለማቋረጥ፣ ለስለስ ብላ መዞር ጀመረች። ልብስ ሰፊው ስለ ሞተር የሚያውቀውን ያን ጊዜ ተናገረ፤ ድምፁ ልክ ነው አለ። እመቤቲቱ ወደ ቤት ገብተው ሲመለሱ ያ የብረት ገዢው ስልክ ቁጥር በእጃቸው ተጨማድዶ ነበር፤ በቆሻሻ ባልዲው ውስጥ ሲጥሉትም አየሁ።

ሠራዊቱ ሁሉ ለመዝመት ፈለገ፤ ምናልባት መግፋት ቢያስፈልግ በሚል። የተወሰድሁት ግን እኔ ብቻ ነኝ፤ ለክብር ሳይሆን ሻሿን ከቧንቧው ሥር በሳሙና አሽቼ፣ እርጥቧን ይዤ ስለነበር ነው። እንድትደርቅም በኋላው መስኮት አውጥቼ በነፋስ እንድይዛት ተፈረደብኝ። መንገድ ላይ ያለ አሽከርካሪ ሁሉ ነጭ ጨርቅ ከመስኮት ሲውለበለብ ባየ ጊዜ ሕመምተኛ የጫነች መስላው መንገድ ለቀቀ፤ የትራፊክ ፖሊሱም በዚያው መብራት ሥር በእጁ አሳለፈን። ጠጋኙ የዘውድ በዓል ይመስል አንገታቸውን ቀጥ አድርገው ነዱ። እኔ ክንዴ እስኪዝል ድረስ ሰንደቁን ያዝሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ደረስን።

ነርሷም የእማማን ፋሻ ፈታች። እማማ ዓይናቸውን ጥቂት ጊዜ አርገበገቡ፤ ጣሪያውን አላዩም፣ ልጃቸውን አላዩም፣ ጠጋኙንም አላዩም፤ የዘረጋሁላቸውን ሻሽ ተቀበሉና ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ጥጉን ተመለከቱ። እዚያ፣ ሳሙናው ያልደረሰበት፣ ለእኔ ለሁለት ዓይናማው ያልታየኝ አንድ የደበዘዘ ጣት ነበረ።

«ዓይኔ ድኗል በሉ፤» አሉ። «ይሄ የመኪና ግራሶ ነው። ጣቱም ጨርቅ መያዝ የለመደ የልብስ ሰፊ ጣት አይደለም።»

እኔ እጆቼን ወደ ኪሴ መለስሁ። እርሳቸውም ሻሿን አስረው፣ ጣቴ ከጆሯቸው በላይ እንዲውል አድርገው፣ የልጃቸውን ክንድ ይዘው ወጡ። መኪናዪቱ በር ላይ ቆማ ነበር። እማማ ወደ ፊተኛው በር አልሄዱም፤ በለመደ እግራቸው ዞረው ወደ ኋላዋ ሄዱና ሁለት እጃቸውን ሻንጣ መጫኛዋ ላይ አኖሩ። ጠጋኙ ከመሪው ኋላ ሆነው በመስተዋቱ አዩዋቸው፤ ፊታቸው ነጣ። ቁልፉን አዞሩ። መኪናዪቱ በአንድ ቁልፍ፣ ያለ ማንም ግፊት ተነሣች። እማማ እጃቸው ሥር ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ጥቂት ቆይተው፣ ቀና ብለው፣ የመጨረሻውን አዋጅ አወጁ፦

«ኋላዋን አንዴ ልየው ብዬ ነው። ከእንግዲህ አላየውም። በሩን ክፈትልኝ፣ ልጄ።»

«ልጄ» ያሏቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ጠጋኙ በሩን ለመክፈት ሲወርዱ ሞተሩን ሊያጠፉ እጃቸውን ሰደዱ፤ እመቤቲቱና እኔ በአንድ ድምፅ ተዉት አልን።

ዝ ውእቱ ዜናሆሙ፣ ማለት ዜናቸው ይህ ነው። እንግዲህ መዋዔ ዝገት፣ ፈታሔ ብሎን፣ በአራት ቆሻሻ ልብስ ምስክርነት የገመድን ምሥጢር የፈቱ፣ በሚስታቸው ፊት እጃቸውን ዘርግተው የቆሙ፣ ዘመነ ግፊትን ያሳለፉ፣ ጎረቤታችን ጠጋኙ ዕድሜያቸው ይርዘም፤ ካንዴላቸው አይጥፋ፤ ባትሪያቸው አይድከም፤ ሠራዊታቸውም ከእንግዲህ መከባበሩን በሳሎን፣ እጁን በገዛ ሱሪው ይወስን። ስማቸውም እንደ ጣቴ ምልክት ይሁን፤ እማማ ያቺን ሻሽ እስከ ዛሬ ድረስ ያጥቧታል፣ በረኪናም አፍስሰውባታል፣ ግን አልለቀቀም።